ጓንቱ ከወለቀ በኋላ፦ ከስፓሪንግ በኋላ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

ቦክስ የጀመሩ ልጆች ስለ ጋርድ፣ ስለ እግር እንቅስቃሴ፣ ስለ ቡጢ አመታት ይጠይቃሉ። ስፓሪንጉ፣ ማለትም ከአጋር ጋር የሚደረገው የቡጢ ልምምድ፣ አልቆ ጓንቱ ከወለቀ በኋላ ስላሉት ሁለት ቀናት የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ትንሽ የነበረ ጉዳት ትልቅ የሚሆነው ደግሞ በእነዚያ ቀናት በሚሠራ ስህተት ነው። የጭንቅላቱን ጉዳይ አስቀድማለሁ፤ እጅም አፍንጫም ይድናሉ፣ አንጎል ግን ሁልጊዜ እንደነበረ አይመለስም።

«ካልወደቅኩ ምንም አልሆንኩም» ማለት

ከሁሉም የከፋው ስህተት ይህ ነው። ኮንከሽን የሚባለው የአንጎል መናወጥ እንዲደርስ ራስን መሳት የግድ አይደለም። አብዛኞቹ ተጎጂዎች ራሳቸውን ሳይስቱ ነው የሚያገኛቸው፤ በዝረራ ሳይወድቅ ዙሩን ቆሞ የጨረሰ ልጅም ከእነሱ አንዱ ሊሆን ይችላል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ መፍዘዝ፣ ብርሃንና ጫጫታ መጥላት፣ ያለ ምክንያት መነጫነጭ ወዲያው ሊመጡ ይችላሉ፤ ከሰዓታት በኋላ ወይም በማግስቱ የሚመጡበት ጊዜም አለ።

አንዳንዴ ምልክቱ በጣም ትንሽ ነው። ልጁ ወንበር ላይ ተቀምጦ የእጁን ፋሻ እየፈታ «ስንት ዙር ሠራን?» ይላል። ይነገረዋል። ፋሻውን ፈትቶ ሳይጨርስ ያንኑ ጥያቄ ይደግመዋል። ጓደኞቹ ይስቃሉ፤ ነገሩ ግን የሚያስቅ አይደለም። ያ ልጅ የዚያን ቀን ገመድ መዝለልም ቢሆን መቀጠል የለበትም።

«የራስ መከላከያ አድርጌ ነበር» የሚለውም ዋስትና አይሆንም። መከላከያው ቅንድብ እንዳይሰነጠቅ ይረዳል፤ አንጎል በራስ ቅል ውስጥ እንዳይናጥ ግን ማድረግ አይችልም። በልምምድ ላይ አድርጉት፣ ነገር ግን አድርጌያለሁ ብላችሁ ተጨማሪ ቡጢ አትቀበሉ።

ደብቆ ብቻውን ወደ ቤት መሄድ

የተናወጠ አንጎል ራሱን መመዘን አይችልም። ስለዚህ «ደህና ነኝ» የሚለው የተመታው ልጅ ቃል ብቻውን መታመን የለበትም። ውድድር እንዳያመልጠው ብሎ ከአሰልጣኙ የሚደብቅ ብዙ ነው፤ የሚደብቀው ግን ለሕይወቱ የሚያሰጋ ነገር ሊሆን ይችላል። ጠንከር ያለ ቡጢ ጭንቅላታችሁ ላይ ካረፈ ሞተርም መኪናም አትንዱ፣ ሰው አብሯችሁ ይሂድ፣ ለእናታችሁም ሆነ አብሯችሁ ለሚኖር ሰው ንገሩ።

ራስ ምታቱ እየባሰ ከሄደ፣ ማስመለሱ ከተደጋገመ፣ አንዱ የዓይን ብሌን ከሌላው ከሰፋ፣ ንግግር ከተኮላተፈ፣ እጅ ወይም እግር ከዛለ፣ የሚጥል ነገር ከመጣ ወይም ሰውየው ለመንቃት ካስቸገረ እስኪነጋ አይጠበቅም። ሲቲ ስካን ወዳለበት ሆስፒታል በቀጥታ መሄድ ነው።

ቤተሰብም የሚሳሳተው አለ። «እንዳትተኛ» ተብሎ ሌሊቱን ሙሉ ሲነዘነዝ የሚያድር ልጅ አለ። ሐኪም አይቶት አደገኛ ምልክት ከሌለው እንቅልፍ ያስፈልገዋል፤ ከጎኑ ሰው ይኑር እንጂ ይተኛ።

ያገኙትን ማስታገሻ መዋጥ

ከፋርማሲ ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ገዝቶ መዋጥ የተለመደ ነው። እነዚህም ሆኑ አስፕሪን ደም እንዳይረጋ ያደርጋሉ፤ ጭንቅላት ውስጥ መድማት ይኖር ይሆን ተብሎ በሚሠጋባቸው የመጀመሪያ ሰዓታት ባይወሰዱ ይሻላል። ፓራሲታሞል ይሻላል፤ ያም ቢሆን እየባሰ የሚሄድን ራስ ምታት ለማፈን አይደለም።

አፍንጫ ሲደማ ወደ ኋላ መጋደም

ደሙ ወደ ጉሮሮ ይወርዳል፣ ያስመልሳል። ወደ ፊት ጎንበስ ብላችሁ ለስላሳውን የአፍንጫ ክፍል ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ሳትለቁ ያዙት። ከዚያ በኋላ መናፈጥ አያስፈልግም። በተለይ ዓይን አካባቢ ተመትታችሁ ከሆነ አደራ፤ የዓይን ጉድጓድ አጥንት ተሰንጥቆ ከሆነ በኃይል ስትናፈጡ አየር ወደ ቆዳው ሥር ገብቶ ዓይናችሁ በአንዴ ሊያብጥ ይችላል።

ያበጠን እጅ ማሳሸት

ወጌሻ በሰፈራችን የተከበረ ነው፤ ብዙ ሰው ያምነዋል። ነገር ግን ራጅ ያልታየ እጅ መታሸት የለበትም። የተሰነጠቀ አጥንት ሲታሽ ሊዛነፍ ይችላል። በትንሿ ጣት በኩል ያለው የመዳፍ አጥንት በቡጢ የሚሰበር መሆኑ የታወቀ ነው። ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላኛውን ነው፦ አውራ ጣት ወደ ላይ ሲነሳ በሥሩ፣ አንጓው ጋ የምትታየው ጎድጓዳ ቦታ ስትነካ ካመመች፣ እዚያ ያለው ትንሽ አጥንት ተሰብሮ ሊሆን ይችላል። ስብራቱ በመጀመሪያው ራጅ ላይ ላይታይ ይችላል፤ ሕመሙ ካልሄደ ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ተመልሳችሁ ታዩ። የዚያ አጥንት የደም አቅርቦት ደካማ በመሆኑ ችላ ከተባለ ላይገጥም ይችላል።

እስከዚያው በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ አድርጉበት። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ሙቅ ነገር ያባብሰዋል።

ከልምምድ ወደ ቢራ ወይም ወደ ስቲም

ሁለቱም ላብ ያሟጠጠውን ሰውነት የባሰ ያደርቁታል፤ ቢራው ደግሞ የጭንቅላትን ምልክት ይሸፍናል። ውኃ፣ በሶ፣ ሽሮ ወይም እንቁላል ይበቃል። ጾም ላይ ያለ ሰው ስፓሪንጉን ወደሚያፈጥርበት ሰዓት ቢያስጠጋው ይመረጣል።

ጎናችሁን ተመትታችሁ ሽንታችሁ ከቀላ፣ ወይም በግራ የጎድን አጥንት ሥር ያለው ሕመም ወደ ግራ ትከሻ ከወጣ፣ ኩላሊት ወይም ጣፊያ ተጎድቶ ሊሆን ስለሚችል ያንኑ ቀን ታዩ።

ሳይሻል መመለስ

የመጀመሪያው መናወጥ ሳይድን ሌላ ቡጢ ቢያርፍ አንጎል በፍጥነት ሊያብጥ ይችላል። እምብዛም አያጋጥም፤ ሲያጋጥም ግን ይገድላል፣ በብዛት የሚያገኘውም ወጣቶችን ነው።

ጨለማ ክፍል ውስጥ ሳምንት መተኛትም አያስፈልግም። ከ24 እስከ 48 ሰዓት ቀለል ያለ ዕረፍት፣ ስልክ መቀነስ፣ ትንሽ የእግር ጉዞ። ከዚያ ቀላል ሩጫ፣ ቀጥሎ በአየር ላይ መቦከስ፣ ቀጥሎ ከረጢትና አሰልጣኝ የሚይዘውን ፓድ መምታት። እያንዳንዱ ደረጃ ቢያንስ አንድ ቀን ይፈልጋል፤ ምልክቱ ከባሰ አንድ ደረጃ ወደ ኋላ ነው። በጭንቅላት ምት በዝረራ ለወደቀ ሰው የአማተር ቦክስ ሕግ ቢያንስ 30 ቀን ከውድድርም ከስፓሪንግም ያግደዋል።

ሐኪም ከፈቀደ በኋላ የመጀመሪያው ስፓሪንግ አጭር ዙር ይሁን፣ ከምታምኑት ልጅ ጋር፣ ፍጥነቱ ግማሽ፣ ቡጢውም ወደ ሰውነት ብቻ እንጂ ወደ ጭንቅላት አይሁን።