ማንትልን በቀይ ጠመኔ ለምትስሉ መምህራን

ለስድስት ዓመት የመሬትን የውስጥ ክፍል ስስል ማንትሉን፣ ማለትም ከቅርፊቱ ሥር ያለውን ወፍራም ንብርብር፣ በቀይ ጠመኔ እሞላው ነበር። «ይሄ የቀለጠ ድንጋይ ነው» እላለሁ፤ ተማሪዎቹም ይጽፋሉ። አንድ ቀን ኋላ ወንበር ላይ የምትቀመጥ ልጅ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ከእግራችን በታች ያለው ሁሉ ከቀለጠ እሳተ ገሞራ ለምን በየቦታው አይፈነዳም?»

መልስ አልነበረኝም። «ነገ እነግርሻለሁ» አልኳት። ማታ ቁጭ ብዬ ሳነብ ደነገጥኩ። ማንትል ጠጣር ነው። በሚሊዮን በሚቆጠሩ ዓመታት ውስጥ ቀስ እያለ ይፈስሳል እንጂ ፈሳሽ አይደለም። የሚቀልጠው በተወሰኑ ቦታዎች ብቻ ነው። ፕሌቶች፣ ማለትም የመሬትን ውጫዊ ክፍል የሠሩት ግዙፍ የዓለት ሰሌዳዎች፣ ሲለያዩ ወደ ላይ የሚወጣው ዓለት ግፊት ስለሚቀንስለት ይቀልጣል። አንዱ ፕሌት ከሌላው ሥር ሲገባ ደግሞ ይዞት የወረደው ውኃ የዓለቱን የመቅለጫ ሙቀት ዝቅ ያደርገዋል። እንደ ሃዋይ ባሉ ቦታዎች ትኩስ ዓለት ከጥልቅ ይወጣል። የልጅቷ ጥያቄ ልክ ነበር። የተሳሳተው የእኔ ሥዕል ነው።

እስከዚያ ቀን ድረስ ብዙ ሥልጠና ወስጃለሁ፤ ሰርተፍኬቶቹም ፋይል ውስጥ አሉ። አንዱም ግን ይህን ስህተት አላወጣልኝም። «አንተስ ምን ይመስልሃል?» ብሎ የጠየቀኝ አሠልጣኝ አልነበረም። ስለዚህ ሙያችሁን ማሻሻል ስታስቡ ከሥልጠና ማስታወቂያ በፊት ከራሳችሁ ጭንቅላት ጀምሩ።

ባዶ ወረቀት ያዙ። በሚቀጥለው ወር የምታስተምሩትን አንድ ርዕስ፣ መጽሐፍ ሳትከፍቱ፣ ለአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ እንደምታስረዱ አድርጋችሁ ጻፉት። ሥዕልም ጨምሩበት። ከዚያ ከእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር አጠገብ «እንዴት ታወቀ?» ብላችሁ ጻፉ። መልስ ያጣችሁበት ቦታ ላይ ምልክት አድርጉ። የምታጠኑት እሱን ነው።

በወቅቶች መፈራረቅ ላይ ሞክሩት። ብዙ ሰው፣ መምህራንም ጭምር፣ ሙቀቱ የሚመጣው መሬት ለፀሐይ ስትቀርብ ይመስለዋል። መሬት ለፀሐይ በጣም የምትቀርበው ግን በጃንዋሪ መጀመሪያ ነው፤ ያኔ የሰሜኑ ንፍቀ ክበብ ብርድ ላይ ነው። ምክንያቱ የመሬት ዛቢያ ወደ 23.5 ዲግሪ ማዘንበሉ ነው። ይህን በቃል ማወቅ አይበቃም። ኳስና አምፖል ይዛችሁ፣ ኳሱን አዘንብላችሁ፣ ያዘነበለበትን አቅጣጫ ሳትቀይሩ አምፖሉን ዙሩት። እጃችሁ ሲያየው ነገሩ ይገባችኋል።

በአንድ መንፈቅ ዓመት ከአንድ ርዕስ በላይ አትያዙ። የእኔ የመጀመሪያው ርዕስ የመሬት ውስጥ ክፍል ነበር፤ «እንዴት ታወቀ?» የሚለው ጥያቄ ብዙ ነገር የከፈተልኝም እዚያ ነው። የመሬት ሬዲየስ 6,371 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የሰው ልጅ ቆፍሮ የደረሰበት ጥልቁ ቦታ፣ በሩሲያ ኮላ ያለው ጉድጓድ፣ ከ12 ኪሎ ሜትር ትንሽ ይበልጣል። ታዲያ የቀረውን ማን አየው? ማንም። የነገረን የመሬት መንቀጥቀጥ ሞገድ ነው። ሁለት ሞገዶችን እንያዝ፤ ቀድሞ የሚደርሰው ፒ፣ ተከትሎ የሚደርሰው ኤስ ይባላል። ኤስ ሞገድ በፈሳሽ ውስጥ አያልፍም። በማንትል ውስጥ ግን ያልፋል፤ ጠጣር መሆኑ በዚህ ይታወቃል። ወደ 2,900 ኪሎ ሜትር ጥልቀት ሲደርስ ይቆማል፤ ከማንትሉ ሥር ያለው የውጨኛው እምብርት ፈሳሽ ነዋ። እ.ኤ.አ. በ1936 ዴንማርካዊቷ ኢንጌ ሌማን፣ ፒ ሞገድ አይደርስበትም በተባለ ቦታ መመዝገቡን መርምራ ከፈሳሹ ውስጥ ሌላ እምብርት እንዳለ አሳወቀች። ይህን ታሪክ ካወቅኩ ወዲህ ትምህርቱን የምጀምረው ከሞገዱ ነው። ሥዕሉን መጨረሻ ላይ ተማሪዎቹ ራሳቸው ይስሉታል።

እናንተም በእውነተኛ መረጃ ሥሩ። ዩኤስጂኤስ የተባለው የአሜሪካ የጂኦሎጂ ተቋም በዓለም ዙሪያ የሚደርሰውን የመሬት መንቀጥቀጥ ዝርዝር በነፃ ያወጣል። ኧርዝስኮፕ የተባለው ሌላ የአሜሪካ ድርጅት ደግሞ መንቀጥቀጥ የሚመዘግቡ ጣቢያዎችን የሞገድ ግራፍ ያቀርባል። አንድ መንቀጥቀጥ ምረጡ። በአንድ ጣቢያ ፒና ኤስ ሞገዶች በደረሱበት ሰዓት መካከል ስንት ሰከንድ እንዳለ ቁጠሩና በ8 አባዙት። ቦታው ሩቅ ካልሆነ፣ ርቀቱን በኪሎ ሜትር በግምት ይሰጣችኋል። ለሦስት ጣቢያዎች እንዲህ አድርጋችሁ፣ ጣቢያውን መሐል፣ ርቀቱን ሬዲየስ አድርጋችሁ ካርታ ላይ ክብ ሥሩ። ክቦቹ የሚገናኙበት አካባቢ መነሻው ነው።

የእኔ ክቦች አልገናኝ ብለው ሁለት ማታ ፈጁብኝ። የኤስን መነሻ ዘግይቼ ይዤው ኖሯል። ተማሪዎቼም የሚሳሳቱት እዚያው ላይ ነው፤ አሁን ገና ሳይጀምሩ የት ላይ እንደማግዛቸው አውቃለሁ።

ድንጋይም ንኩ። አጉሊ መነጽር፣ ሚስማር፣ ቁራጭ መስታወትና ኮምጣጤ ይበቃችኋል። ኳርትዝና ካልሳይት ድንጋይ ውስጥ የሚገኙ ማዕድናት ናቸው፤ ኳርትዝ መስታወትን ይጭራል፤ ካልሳይት አይጭርም። ካልሳይትን በሚስማር ፈቅፍቃችሁ ዱቄቱ ላይ ኮምጣጤ ጠብ ስታደርጉ አረፋ ይወጣዋል። ወንዝ ዳር ወይም መንገድ የቆረጠው ገደል ጋ ስትሄዱ ባለቤት ካለው ፈቃድ ጠይቁ፤ የሚናድ ነገር ሥር አትቁሙ።

የጊዜን ስፋት ደግሞ ራሴ ተራምጄው ነው የገባኝ። የመሬት ዕድሜ ወደ 4.54 ቢሊዮን ዓመት ነው። 45.4 ሜትር ገመድ ዘርጉ፤ አንድ ሴንቲ ሜትር አንድ ሚሊዮን ዓመት ይሁን። ዳይኖሰሮች የጠፉት ዛሬን ከሚያመለክተው የገመዱ ጫፍ 66 ሴንቲ ሜትር ሲቀር ነው። የእኛ ዝርያ በሙሉ ወደ 3 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ያንን ሚሊ ሜትር ጎንበስ ብዬ ሳየው ብዙ ጊዜ ዝም አልኩ።

የሥራ ባልደረባም ያስፈልጋችኋል። አንዱን መምህር ክፍል አስገቡና አንድ ነገር ብቻ እንዲጽፍ ጠይቁት፤ ተማሪዎች የጠየቁትን ጥያቄና እናንተ የሰጣችሁትን መልስ። ነጥብ አይስጥ። እኔ በዚህ መንገድ «በኋላ እንመለስበታለን» ብዬ ያልተመለስኩባቸውን ጥያቄዎች አገኘሁ።

ሥልጠና ሲመጣ እምቢ አትበሉ፤ ግን ምረጡ። ሙከራውን በእጃችሁ የምትሠሩበት ከሆነ፣ ክፍል ውስጥ ሞክራችሁ እንደገና የምትገናኙበት ከሆነ ሂዱ። ቀኑን ሙሉ ስላይድ የሚታይበት ከሆነ ያንን ቀን ለወንዙ ዳር ብትሰጡት ይሻላል።

ሁሉንም ደብተር ላይ አስፍሩ፦ ቀድሞ ያመንኩት፣ አሁን የማውቀው፣ ማስረጃው፣ ተማሪው ያለው። የሙያ ማሻሻያ ማኅደር አምጡ ስትባሉ ዝግጁ ነው።

ለልጅቷ መልሱን በማግሥቱ ይዤላት ሄድኩ። ጠጣር መሆኑን ነገርኳት። ትንሽ አሰበችና «ታዲያ ጠጣር ነገር እንዴት ይፈስሳል?» አለችኝ። የደብተሬ ሁለተኛ ገጽ የሚጀምረው በዚህ ጥያቄ ነው። በሳምንቱ የበረዶ ግግር፣ ጠጣር ሆኖ ሳለ፣ ተራራ ቁልቁል ሲፈስስ የሚያሳይ ፎቶ አመጣሁላት።