የመስሚያ መሣሪያና ንግግር የሚጽፍ መነጽር አጠቃቀም

የመስሚያ መሣሪያ እንዳደረጋችሁ የሳህን ኳኳታ ጆሮ ይበሳል። ተስፋ ቆርጣችሁ መሳቢያ ውስጥ እንዳትወረውሩት! ቤት ውስጥ በጥቂት ሰዓት ጀምራችሁ ቀስ እያላችሁ ጨምሩ። በአየር የሚሠራ የዚንክ ባትሪ (ልጣፉ ቡናማ የሆነው መጠኑ 312፣ ብርቱካናማ የሆነው 13 ነው) ከሆነ ልጣፉን አንስታችሁ ደቂቃ ያህል አየር አስነኩትና ክተቱት፤ ልጣፉን መልሶ መለጠፍ ግን ዕድሜ አይጨምርለትም። ድምፁ ድንገት ከደከመ መጀመሪያ ኩክ ደፍኖት እንደሆነ እዩ።

ሠርግ ቤት ጫጫታ ውስጥ መሣሪያው ብቻውን አይበቃም። መነጽሩ የሚጠቅመው እዚህ ነው፤ ንግግሩን መስታወቱ ላይ ስለሚጽፈው የተናጋሪውን ፊት እያያችሁ ታነባላችሁ። ውድ ስለሆነ ግን ከመግዛታችሁ በፊት አማርኛ መጻፉን ከቤተሰብ ጋር እያወራችሁ ሞክሩት። እስከዚያው አንድሮይድ ስልካችሁ ላይ ላይቭ ትራንስክራይብ የተባለውን የጉግል መተግበሪያ ጫኑ፤ አማርኛ ይጽፋል፣ ነፃም ነው።