ለቤት ጋራዥ የኮምፕሬሰር አየር መስመር፦ ቧንቧውን እንዴት እንምረጥ?

ኮምፕሬሰር ገዝታችሁ የአየር መስመር ልትዘረጉ ነው? ከሁሉ በፊት ነጩን የፒቪሲ የውሃ ቧንቧ ከሐሳባችሁ አውጡት። ርካሽ ነው፣ በማስቲሽ ብቻ ይገጠማል፤ ለታመቀ አየር ግን አይሆንም።

«ላዩ ላይ የተጻፈው ግፊት እኮ ከኮምፕሬሰሬ ይበልጣል» የሚል አይጠፋም። ያ ቁጥር የተሰጠው ለውሃ ነው፤ ለዚያውም 23 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ላይ። 60 ዲግሪ ሲደርስ ቧንቧው የሚችለው የዚያን ሩብ እንኳ አይሞላም። ከኮምፕሬሰር የሚወጣው አየር ደግሞ ትኩስ ነው። ውሃ እምብዛም ስለማይታመቅ ቧንቧው ቢሰነጠቅ ግፊቱ ወዲያው ይወድቃል። አየር ግን እንደ ተጨቆነ ሞላ ጉልበት ያጠራቅማል፤ ፒቪሲው ሲሰበር ስለታም ስብርባሪውን በየአቅጣጫው ይወረውረዋል። የአሜሪካው የሥራ ደህንነት መሥሪያ ቤት ኦሻ በ1988 እ.ኤ.አ. ያስጠነቀቀው ለዚህ ነው። «ለዓመታት ምንም አልሆነም» ማለትም ዋስትና አይደለም። ሙቀትና ንዝረት ፕላስቲኩን እያደር ያደክሙታል፤ ቀድሞ ሳያፈስም በድንገት ሊፈነዳ ይችላል። ከተዘረጋ ቆይቶ ከሆነም ይነቀል።

እንግዲህ ወደ ምርጫው። መጀመሪያ የኮምፕሬሰሩን ከፍተኛ ግፊት አንብቡ። ብዙዎቹ የቤት ኮምፕሬሰሮች ከ8 እስከ 10 ባር ናቸው። ቧንቧውም መገጣጠሚያውም ከዚያ በላይ የሚችል መሆን አለበት።

ለቤት እኔ የምመርጠው መዳብ ወይም ለአየር ተብሎ የተሠራ አሉሚኒየም ነው። መዳብ አይዝግም፤ ብየዳ ግን ይፈልጋል። አሉሚኒየሙ ቀላል ነው፣ ያለ ብየዳ ይገጠማል፣ ዋጋው ግን ጠንከር ይላል። ጥቁር ብረት ጠንካራ ነው፤ ውስጡ ስለሚዝግ ማጣሪያ ያስፈልገዋል። ጋልቫናይዝድም ይሠራል፤ የዚንክ ቅርፊቱ እየተላጠ መሣሪያ ውስጥ ሊገባ ስለሚችል እሱም ያለ ማጣሪያ አይሆንም።

ስትዘረጉ ኮምፕሬሰሩንና ቧንቧውን ግፊቱን በሚችል ተጣጣፊ ጎማ አገናኙ፤ አለዚያ ንዝረቱ መገጣጠሚያዎቹን ያላላቸዋል። መነሻው ላይ መዝጊያ ቫልቭ አድርጉ። ዋናው መስመር በየሜትሩ አንድ ሴንቲ ያህል ዝቅ እያለ ይሂድ፤ አየሩ ሲቀዘቅዝ የሚፈጠረው ውሃ ወደ ጫፉ ይወርዳል። እዚያ ማፍሰሻ ቫልቭ ግጠሙ። ወደ መሣሪያው የሚወርደውን ቅርንጫፍ ከዋናው ቧንቧ ላይኛው ጎን አውጡት፤ ከታች ካወጣችሁት ውሃው ሁሉ ወደ መሣሪያው ነው የሚሄደው።

በመጨረሻ ግፊቱን ቀስ በቀስ ጨምሩና መገጣጠሚያዎቹን የሳሙና ውሃ ቀቡ። አረፋ የሚነፋ ካገኛችሁ፣ መስመሩን ሙሉ በሙሉ ሳታስተነፍሱ አትንኩት።