ሰፊው የመጸዳጃ ክፍል፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001፣ አንቀጽ 36፣ መጸዳጃ በሚያስፈልገው ሕንፃ ሁሉ አካል ጉዳተኞች የሚገለገሉባቸው በቂ መጸዳጃዎች እንዲኖሩ ደነገገ። ክፍሉ ከተሠራ በኋላ ከጥቅም ውጭ የሚያደርጉት ግን ብዙ ጊዜ ተገልጋዮችና የሕንፃ አስተዳዳሪዎች ናቸው።

ባዶውን ወለል ትርፍ ቦታ ማድረግ። ከሁሉም የከፋው ስህተት ይህ ነው። ዊልቸር ለማዞር ብቻ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ክፍት ወለል ያስፈልጋል። ከዚያ ተጠቃሚው ዊልቸሩን ከመቀመጫው ጎን ያስጠጋል፣ ፍሬኑን ይይዛል፣ በአንድ እጁ የግድግዳውን ብረት ጨብጦ በክንዱ ኃይል ይሻገራል። እዚያው ጎን አንድ የቆሻሻ ቅርጫት ከቆመ ዊልቸሩ አይጠጋም፤ ሰውየው በሩ ድረስ መጥቶ ይመለሳል። ባልዲ፣ መወልወያና የሶፍት ካርቶን የሚከማችባቸው ክፍሎች ስንት ናቸው! ተቆልፈው «ቁልፉ ኃላፊው ጋ ነው፣ እሱም ወጥቷል» የሚባልባቸውስ? ይህ ክፍሉን ጨርሶ ካለመሥራት በምን ይለያል?

ገብቶ መቆየት። ሌሎቹ ክፍሎች ተይዘው፣ የሚጠብቅ አካል ጉዳተኛም ከሌለ ገብቶ ቶሎ መውጣት ነውር አይደለም። ስልክ ለማውራት ወይም ልብስ ለመቀየር መግባት ግን ነውር ነው። የአከርካሪ ጉዳት ያለበት ብዙ ሰው ሽንቱን መቆጣጠር አይችልም፤ ለእሱ አምስት ደቂቃ መጠበቅ ልብስ መበላሸት ሊሆን ይችላል። ይህን ፈርተው ከቤት ሲወጡ ውኃ የማይጠጡ አሉ፤ ይህ ደግሞ ለሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ያጋልጣል።

በዓይን መፍረድ። «አንተ ደህና ሰው አይደለህ እንዴ? እዚህ ምን አስገባህ?» ማለት አይገባም። ከአንጀት ቀዶ ሕክምና በኋላ ሆዱ ላይ የሰገራ መቀበያ ከረጢት የሚያደርግ ሰው ቆሞ ይሄዳል፤ ከረጢቱን ለመቀየር ግን ሰፋ ያለ ቦታና ውኃ ይፈልጋል። ምክንያቱን ለማንም የማስረዳት ግዴታ የለበትም።

አርጥቦ መውጣት። የክራንች ጫፍ እርጥብ ወለል ላይ ይንሸራተታል። የረጠበ መቀመጫም እንዲሁ ነው፤ ከዊልቸር የሚሻገር ሰው እጁን የሚያሳርፈው እዚያው ላይ ነው። በሶፍት አድርቆ መውጣት ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።

ሳይጠይቁ መግፋት። ዊልቸር የሰውየው አካል ያህል ነው፤ ከኋላ መጥቶ አይያዝም። «ልርዳዎት?» ብለው መልሱን ይጠብቁ። «አይ፣ አመሰግናለሁ» ካሉ በሩን ለቀቅ አድርጎ መቆም ይበቃል።

በእንግሊዝ አገር ለምትኖሩ አንድ ነገር ልጨምር። በእነዚህ ክፍሎች ከጣሪያ እስከ ወለል የሚወርደው ቀይ ገመድ የአደጋ ጊዜ መጥሪያ ነው። እስከ ታች የሚደርሰው የወደቀ ሰው ተኝቶም እንዲስበው ነው። ወለል ለመወልወል አመቺ እንዲሆን ጠቅልለው ከፍ አድርገው የሚያስሩት አሉ፤ ታስሮ ካገኛችሁት ፈታችሁ ልቀቁት።