ፕሮጀክታችሁ ተንጓተተ? ምልክቱን እዩና አጃይልን ከዚያ ጀምሩ

ባሕር ዳር ውስጥ 6 ሆነን ሶፍትዌር እንሰራለን። ቲም ሊደሯ እኔ ነኝ። አጃይል (ስራን በትንንሹ ቆርጦ ለደንበኛ እያሳዩና እያስተካከሉ የመስራት ዘዴ) የጀመርነው ፋሽን ሆኖብን ሳይሆን አንድ ፕሮጀክት ክፉኛ አቃጥሎን ነው። እዚህ የጻፍኩት የገጠመንን ነው፤ የናንተን ምልክት ፈልጉና ከዚያ ጀምሩ።

ምልክት፦ ወራት ለፍታችሁ ስታስረክቡ ደንበኛው "እኔ እኮ ይሄን አላልኩም" ይላል

ለጀልባ ባለቤቶች የቲኬት ሲስተም ሰራን። 40 ገጽ ዶክመንት ጻፍን፣ አስፈረምን፣ ከዚያ 5 ወር ሙሉ ቢሮ ተከተትን። የርክክቡ ቀን ጣና ዳር ጀልባዎቹ የሚቆሙበት ሄደን ላፕቶፑን ከፈትን። ደንበኛችን ጋሼ መነጽራቸውን አጥልቀው ጎንበስ አሉ።

"ይሄ 3 ሰዓት የሚለው ምንድን ነው?"

"መነሻ ሰዓት ነው ጋሼ።"

"ልጄ፣ ጀልባ እኮ ሲሞላ ነው የሚነሳው።"

በዚህ አላበቃም። ሲስተሙ ለሴት ቱሪስት ወደ ክብራን ገብርኤል ቲኬት ይቆርጣል። ክብራን ሴት የማይገባበት ገዳም መሆኑን የከተማው ሕፃን ሁሉ ያውቃል፣ እኛም እናውቃለን፣ ሴት ሆኜ እኔ ራሴ አውቃለሁ፣ ግን ያ ሁሉ ዶክመንት ውስጥ አንድ መስመር አልተጻፈም።

ምክንያቱን ደንበኛው ላይ አትለጥፉ። ሰው የሚፈልገውን የሚለየው ሲያየው ነው። እኛ ያሳየናቸው ገንዘቡ ካለቀ በኋላ ነበር።

መፍትሄው ስራውን መቆራረጥ ነው። እኛ በየ2 ሳምንቱ ነው የምንቆርጠው። ስፕሪንት የሚባለው ይሄ ነው፤ ስክረም በሚባለው የአጃይል አሰራር ደንብ ከ1 ወር አይበልጥም። በእያንዳንዱ ማብቂያ የሚሰራ ነገር አሳዩ። ስላይድ አይቆጠርም። እንደገና ስንጀምር የመጀመሪያው ስፕሪንታችን አንድ ገጽ ብቻ ነበረች፦ የተሳፋሪ መመዝገቢያና "ሞልቷል" የምትል ቁልፍ። ጋሼ ስልክ ላይ ጫንንላቸው። እዚያው እንደቆሙ 3 ስህተት አወጡ። በቀን ተኩል አስተካከልነው። ብዙ ሰው የአጃይል ጥቅም ፍጥነት ነው ይላል። ለኔ ግን ስህተትን ገና በርካሹ ማግኘት ነው።

ምልክት፦ ሁሉም ቢዚ ነው፣ ያለቀ ስራ ግን የለም

አንዱ ልጅ 4 ስራ ከፍቷል፣ መብራት ሲጠፋ አራቱም እንደተንጠለጠሉ ይቀራሉ። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም። ግድግዳ ላይ ሶስት ዓምድ አስምሩ፦ የሚጀመር፣ የተያዘ፣ ያለቀ። መሃለኛው ላይ ገደብ ጣሉ። እኛ ጋ ለአንድ ሰው 2 ነው፤ ሶስተኛ ለመያዝ አንዱን መጨረስ ግድ ነው። ካንባን ይሉታል፤ መነሻው የጃፓኑ የቶዮታ ፋብሪካ ነው። ማርከርና ባለቀለም ወረቀት ይበቃል፣ ሶፍትዌር መግዛት አያስፈልግም።

ምልክት፦ የጠዋቱ ስብሰባ ሰዓት ይፈጃል

ለአለቃ ሪፖርት ማቅረቢያ ሆኗል ማለት ነው። 15 ደቂቃ፣ ቆማችሁ። ረጅም ጉዳይ ያላቸው ሁለት ሰዎች ቡና ላይ ይጨርሱት።

ምልክት፦ ደንበኛው በየቀኑ "እግረ መንገዳችሁን ይቺን ጨምሩልኝ" ይላል

አጃይል ማለት ለሁሉም እሺ ማለት የሚመስለው ሰው አለ። እ.ኤ.አ. በ2001 ዩታ ውስጥ ስኖውበርድ ላይ ተሰብስበው የአጃይልን ማኒፌስቶ የጻፉት 17 ሰዎች እቅድን ከመከተል ለለውጥ ምላሽ መስጠትን አስቀደሙ እንጂ እቅድ ይቅር አላሉም። ስራውን ሁሉ አንድ ዝርዝር ውስጥ አስገቡ፣ ቅደም ተከተሉን የሚወስን አንድ ሰው ይኑር። አዲስ ነገር ሲመጣ "እሺ፣ በሱ ፋንታ የቱ ይውጣ?" በሉ። ጋሼ መጀመሪያ ተቆጡ፤ አሁን ራሳቸው "ይሄ ለሚቀጥለው ይቆይ" ማለት ጀምረዋል።

(በነገራችን ላይ ሁሉም ስራ ለዚህ አይሆንም። 380 ሜትሩን አዲሱን የአባይ ድልድይ በየሁለት ሳምንቱ ለደንበኛ እያሳዩ አፍርሶ መስራት አይቻልም።)

ምልክት፦ ያው ስህተት በየስፕሪንቱ ይመለሳል

በስፕሪንቱ መጨረሻ ቁጭ ብላችሁ "ምን እናሻሽል?" ትላላችሁ። ሁሉም "ሁሉ ጥሩ ነው" ይላል። እኛ ጋ 4 ስፕሪንት እንዲህ አለፈ። ምክንያቱ ይሉኝታ ነው። አለቃዋ ፊት ለፊት ተቀምጣ ማን ይናገራል? ስለዚህ ወረቀት አደልኩ፣ ስም የለም፣ እኔም የራሴን ጥፋት መጀመሪያ ጮክ ብዬ አነበብኩ። ከዚያ የነሱን 5 ወረቀት ከፈትኩ። በሶስቱ ላይ አንድ ነገር ነው የተጻፈው፦ "ማታ ከ3 ሰዓት በኋላ ቴሌግራም ላይ ስራ አትላኪብን።"

የእጅ ጽሑፋቸውን ለይቼዋለሁ። ዝም አልኩ። የዚያን ስፕሪንት ማሻሻያ እሷን ብቻ አደረግናት።