ከጆሮ ወደ ሰሌዳ፦ ለአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች መዝሙርንና የኖታ ንባብን ማስተማር

በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን ሙዚቃ ከሥዕልና ከቴአትር ጋር ተዳብሎ ስለሚሰጥ፣ ክፍሉን የሚይዘው መምህር ብዙ ጊዜ ሙዚቃን ለብቻው ያልተማረ፣ ፒያኖም ሆነ ክራር በእጁ የሌለ ነው። ይህ መመሪያ ለእንዲህ ዓይነቱ መምህር የተጻፈ ሲሆን፣ የሚጠይቀውም ጠመኔ፣ ጥቁር ሰሌዳና ዜማ ሳይስት የሚዘምር ድምፅ ብቻ ነው። ልጅ በጆሮው ያልያዘውንና በአፉ ያልዘመረውን ድምፅ በሰሌዳ ላይ ሊያነብ አይችልም፤ ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን አምስት መስመር አስምሮ የኖታ ስም ማስጠናት ጊዜ ማባከን ነው። የአብነት ተማሪም ቢሆን ድፋትና ሂደት የሚባሉትን የዜማ ምልክቶች የሚለየው ዜማውን ከመምህሩ አፍ እየተቀበለ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ለመዝሙር ብቻ ይሰጡ። ልጆቹ ከሆያ ሆዬና ከአበባየሆሽ ጀምሮ አውጪና ተቀባይ ያለውን አዘማመር ስለሚያውቁት፣ መምህሩ አጭር ሐረግ አውጥቶ እነርሱ በተመሳሳይ ድምፅ እንዲመልሱ ማድረግ አይከብደውም። የሚዘመረው ግን የኦርቶዶክሱም፣ የሙስሊሙም፣ የፕሮቴስታንቱም ልጅ ሳይሳቀቅ የሚቀበለው መሆን አለበት።

«ጮክ በሉ!» የሚለው ትእዛዝ በአንድ ጊዜ መዝሙሩን ወደ ጩኸት ይለውጠዋል። ስልሳ ልጆች ባሉበት ክፍል ድምፅ አያንስም፤ የሚያንሰው መደማመጥ ነው። ስለዚህ «አጠገባችሁ ያለውን ልጅ እየሰማችሁ ዘምሩ» ማለት ይሻላል። ወንድ መምህር በተፈጥሮ ድምፁ ሲዘምር ከልጆቹ አንድ ኦክታቭ (ከዶ እስከ ቀጣዩ ዶ ያለው የድምፅ ርቀት) ዝቅ ስለሚል፣ አንዳንዶቹ እርሱን ለመምሰል ሲሉ ድምፃቸውን ወደ ጉሮሯቸው ያወርዳሉ። በዚህ ጊዜ ዜማውን በትክክል የያዘችን አንዲት ተማሪ አውጪ ማድረግ ይበቃል። ዜማውን የሚስት ልጅ ቢኖር ደግሞ «አንተ ዝም በል» ማለት ፈጽሞ አይገባም። አብዛኛውን ጊዜ ጉድለቱ የጆሮ ሳይሆን ድምፁን ወደ ላይና ወደ ታች መንዳት አለመልመዱ ነው። ስለዚህ እንደ አምቡላንስ ሳይረን ድምፁን ከታች ወደ ላይ እየሳበ እንዲጫወት ማድረግ፣ ከዚያም ዜማ በማይስቱ ሁለት ልጆች መካከል ማቆም፣ አልፎ አልፎም እርሱ በጀመረበት ከፍታ ክፍሉን ሁሉ ማዘመር ይጠቅመዋል።

ድምፃቸው ሲረጋ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ የሚሉት ስሞች ይገባሉ። እነዚህ አምስቱ የትዝታ ሜጀር ቅኝት ድምፆች ናቸው፤ በሌሎቹ ቅኝቶች፣ በባቲ ሜጀር፣ በአምባሰልና በአንቺሆዬ ውስጥ የሚገኘው ጠባቡ የግማሽ ድምፅ ርቀት በእነርሱ መካከል ስለሌለ ለልጅ አይከብዱም፤ በጆሮውም የቆዩ ናቸው። ፋ እና ሲ እስከ ላይኞቹ ክፍሎች ድረስ ይቆዩ። በቅድሚያ ሶልና ሚ ብቻ፣ ቀጥሎ ላ፣ ከዚያም ሬና ዶ ይጨመሩ። በእንግሊዛዊው ጆን ከርወን ተስፋፍቶ በሃንጋሪያዊው ዞልታን ኮዳይ የማስተማር ዘዴ የታወቀው የእጅ ምልክት እዚህ ላይ እጅግ ያግዛል፦ ለዶ በወገብ ከፍታ የተጨበጠ እጅ፣ ለሬ ወደ ላይ ያዘነበለ መዳፍ፣ ለሚ አግድም የተዘረጋ መዳፍ፣ ለሶል መዳፉ ወደ ራስ ዞሮ አውራ ጣቱ ወደ ላይ የሆነ እጅ፣ ለላ ደግሞ በፊት ከፍታ ላይ ከአንጓው ወደ ታች የተንጠለጠለ እጅ። መምህሩ ምንም ሳይናገር በእጁ ብቻ እያመለከተ ክፍሉ የሚዘምር ከሆነ፣ ልጆቹ ማንበብ ጀምረዋል ማለት ነው።

ምትን ለብቻው ማስተማር ይገባል። እግር ቋሚውን ምት ይረግጣል፤ እጅ የዜማውን ቃላት ያጨበጭባል። አንድ ምት ለሚይዘው ሩብ ኖታ «ታ»፣ አንዱን ምት ለሁለት ለሚከፍሉት ሁለት ስምንተኛ ኖታዎች «ቲቲ» እያሉ ማንበብ በቂ ነው። ብዙዎቹ የበዓል ዘፈኖቻችን በችክችካ ስለሚሄዱና ምታቸው ለሁለት ሳይሆን ለሦስት ስለሚከፈል፣ ለመዘመር እንጂ ለመጀመሪያ የንባብ ልምምድ አይመቹም።

ወደ ሰሌዳው ሲመጣ በመጀመሪያ ሁለት መስመር ብቻ ይሰመር። ሚ በታችኛው፣ ሶል በላይኛው መስመር ላይ ይቀመጣሉ፤ ላ ከላይኛው መስመር በላይ፣ ሬ ከታችኛው ሥር፣ ዶ ደግሞ ከሬ ዝቅ ብላ በራሷ አጭር መስመር ላይ ትሆናለች። በኋላ ከላይ ሦስት መስመሮች ሲጨመሩ የተማሩት ነገር አይፈርስም፤ ምክንያቱም በመስመሮቹ መጀመሪያ ላይ የሚጻፈው የሶል ቁልፍ የሚባለው ምልክት የሚጠመጠመው በዚያችው በሁለተኛዋ መስመር ላይ ነው። ዶ በየትኛውም ለልጆቹ በሚመች ከፍታ ላይ ሊዘመር ይችላል፤ በሰሌዳው ላይ ግን ቦታው አይቀየር።

ግጥም ከኖታ ሥር ሲጻፍ አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። ፊደላችን ልጆቹን ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ ኖታ ወደ መስጠት ይመራቸዋል፤ ነገር ግን «ሰላም» በጽሑፍ ሦስት ፊደል ቢሆንም በአፍ «ሰ» እና «ላም» ስለሆነ ሁለት ኖታ ብቻ ይፈልጋል። ቃሉን እያጨበጨቡ ከቆጠሩት ግን አይሳሳቱም።

የምዘናው ጉዳይ አጭር ነው። የኖታ ስም የሚያስጽፍ ፈተና ሸምዳጁን ብቻ ስለሚሸልም፣ በአራት ምት የተጻፈ አዲስ ሐረግ በሰሌዳው ላይ አስቀምጦ ልጆቹ ሦስት ሦስት እየሆኑ፣ በመጀመሪያ በምቱ፣ ቀጥሎ በእጅ ምልክት፣ በመጨረሻም በድምፃቸው እንዲያነቡት ማድረግ ይሻላል። አንዱን ልጅ ብቻውን አስቁሞ ማስዘመር ግን ራሱ ካልጠየቀ በስተቀር ይቅር።