ደንገጎን ሳይወጡ አይግዙ፦ የቅንጦት ስፖርት ሴዳን ሲመርጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጥር 2016 ዓ.ም ላይ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ ድሬዳዋና ሐረር ላይ ለሽያጭ የሚቀርቡት ቢኤምደብሊው 5፣ መርሴዲስ ኢ ክላስ፣ አውዲ ኤ6 እና ሌክሰስ ጂኤስ ከዚያ በፊት የገቡ ናቸው። ሦስተኛና አራተኛ ባለቤት ላይ የደረሱት ጥቂት አይደሉም። ዋጋቸው ግን አልቀመስ ብሏል፤ ደላላውም «ዛሬ ካልወሰድከው ነገ አታገኘውም» ለማለት አይቸገርም። አዲስ መግዛት የሚፈልግ ሰው ምርጫው ወደ ኤሌክትሪክ ጠብቧል፤ እሱን ወደ መጨረሻው እንደርስበታለን።

ከዚራ ውስጥ ዞሮ መወሰን

ከሁሉም የከፋው ስህተት ይሄ ነው። የድሬዳዋው ከዚራ ሰፈር መንገዱ ሜዳ ነው፣ ዛፉ ጥላ ይሰጣል፣ ፍጥነቱም ከ40 አይበልጥም። እዚያ ላይ የማያምር ስፖርት ሴዳን የለም። ድሬዳዋ ከባህር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሐረር ከ1,850 ሜትር በላይ። በመካከላቸው ያለው የደንገጎ ዳገት በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚያሳየውን ጉድ ከተማ ውስጥ ሳምንት ቢነዱ አያዩትም።

ፈተናው በትክክል እንዲህ ይደረጋል። ከቀኑ 6 እስከ 8 ሰዓት ባለው ሙቀት፣ አራት ሰው ጭነው፣ ኤሲውን እስከ መጨረሻው ከፍተው ይውጡ። የሙቀት መለኪያውን መርፌ ብቻ አይመኑ። በብዙዎቹ የጀርመን መኪኖች ላይ መርፌው ሆን ተብሎ መሀል ላይ እንዲቆም ተደርጓል፤ ውኃው 80 ዲግሪም ይሁን 110፣ መርፌው ንቅንቅ አይልም። ሲነቃነቅ ሞተሩ ከተጎዳ በኋላ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የመኪናውን ኮምፒውተር የምታነበውን ትንሿን ኦቢዲ መሰኪያ ከስልክ ጋር አገናኝተው ትክክለኛውን ዲግሪ ያንብቡ። ቢኤምደብሊው በቀስታ ሲነዳ 105 እና ከዚያ ትንሽ በላይ ማሳየቱ የተለመደ ነው፤ ዳገት ላይ ሲጫን ደግሞ ኮምፒውተሩ ራሱ ወደ 90ዎቹ ሊያወርደው ይገባል። በተቃራኒው እየጨመረ 115ን ካለፈ ጥጉን ይዘው ያቁሙ። ጥፋቱ የውኃ ፖምፓው፣ ቴርሞስታቱ፣ የራዲያተሩ መደፈን ወይም ፋኑ ላይ ነው።

በዚያው ዳገት ካምቢዮውን ያድምጡ። ነዳጅ ሲረግጡ ዙሩ ሽቅብ ወጥቶ ፍጥነቱ ካልተከተለው ውስጥ ያሉት ዲስኮች እየተንሸራተቱ ነው። ከ60 እስከ 80 ባለው ፍጥነት እግርዎን ሳያንቀሳቅሱ ሲነዱ የጎርበጥባጣ መንገድ ዓይነት መንቀጥቀጥ ከተሰማዎት ደግሞ ችግሩ ሞተሩን ከካምቢዮው ከሚያገናኘው ቶርክ ኮንቨርተር ወይም ከካምቢዮው ዘይት ነው።

ቁልቁለቱ የፍሬን ፈተና ነው። ማርሹን በእጅ 3 ላይ፣ ጠመዝማዛው ላይ 2 ላይ ይዘው ይውረዱ፤ ፍሬኑን በየመታጠፊያው ብቻ ይርገጡ። መሪው ከተንቀጠቀጠ ዲስኩ ተጣሟል፣ ወይም የፊት ክንዶቹ ቡሽ አልቋል። ፔዳሉ ግማሽ መንገድ ላይ ለስለስ ካለ ደግሞ የፍሬን ዘይቱ አርጅቷል። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይጠጣል፦ አዲስ ዶት 4 ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ አይፈላም፣ ውኃ ሲገባበት ግን ይህ ጣሪያ እስከ 155 ሊወርድ ይችላል። በየሁለት ዓመቱ መቀየር ያለበት ለዚህ ነው። የዲስኩን ጠርዝም ይዩት፤ የመጨረሻው የሚፈቀድ ውፍረት ብረቱ ላይ ተጽፏል።

ሐረር ሲደርሱ ሞተሩ ትንሽ ቢደክም አይደንግጡ። ተርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። ተርቦ ያለው ግን ይህን ያህል መድከም የለበትም፤ ከደከመ የሚያፈስ የአየር ቱቦ ሊኖረው ይችላል።

የሞቀ ሞተር ማየት

ሻጩ «አምጥቼልህ እየጠበቅኩ ነው» ካለዎት ሞተሩ ሞቋል ማለት ነው። ቀጠሮውን መኪናው ባደረበት ቦታ፣ ጠዋት ከ1 ሰዓት በፊት ያድርጉት፤ ድሬዳዋ ውስጥ ከዚያ በኋላ ቀዝቃዛ ሞተር የሚባል ነገር የለም። ኮፈኑን በእጅዎ ይንኩ፣ ከዚያ ያስነሱ። መጀመሪያ ላይ ለአንድና ሁለት ሰከንድ ካካካ የሚል ድምፅ ከተሰማ የጊዜ ሰንሰለቱ (ታይሚንግ ቼኑ) ላልቶ ሊሆን ይችላል። ሰማያዊ ጭስ ዘይት መብላት ነው። ነጭና ጣፋጭ ጠረን ያለው፣ የማይቆም ጭስ የቴስታታ ጓርኒሲዮን (የሞተሩ ራስ ማሸጊያ) መበላት ነው።

የራዲያተሩን ውኃ መጠባበቂያ ጋን ሳያስነሱ ይክፈቱት። ቀለም ያለው ንጹህ ፈሳሽ መሆን አለበት። የድሬ የቧንቧ ውኃ በኖራ የበዛ ነው፤ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚያበጀው ያው ውኃ ራዲያተሩ ውስጥም ያንኑ ይሠራል። ጋኑ ውስጥ ነጭ ወይም የዛገ ቅርፊት ካዩ መኪናው ለዓመታት የቧንቧ ውኃ ሲጠጣ ኖሯል፤ ጠባቦቹ ቱቦዎች መደፈናቸው አይቀርም። ትክክለኛው ግማሽ በግማሽ የተበረዘ ኩላንትና የተጣራ ውኃ ነው።

ስሙን እንጂ ሞተሩን አለመጠየቅ

«ኢ60 (የቀድሞው ቢኤምደብሊው 5) እንዴት ነው?» ብሎ መጠየቅ መልስ የለውም። መልሱ ያለው ሞተሩ ላይ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት የሥሪት ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ቢኤምደብሊው ኤን52፣ ተርቦ የሌለው ባለ 6 ሲሊንደር፣ ከቡድኑ ጠንካራው ነው። ሆኖም የውኃ ፖምፓው በኤሌክትሪክ የሚሠራ በመሆኑ ምልክት ሳያሳይ ድንገት ይቆማል። 100,000 ኪሎ ሜትር አልፎ ፖምፓውና ቴርሞስታቱ ካልተቀየሩ ሁለቱንም በአንድ ላይ እንደሚቀይሩ አስበው ዋጋ ይነጋገሩ። ከቴስታታው ክዳንና ከዘይት ፊልትሮው ማቀፊያ ዘይት ማዝ ማለቱም የታወቀ ነው። 528 ላይ የገባው ኤን20 ሞተር ግን እስከ 2015 መጀመሪያ ድረስ በተሠሩት ላይ የሰንሰለቱ መሪ ፕላስቲክ እየተሰበረ ዘይት ማጠራቀሚያው ውስጥ ይወድቃል፤ ከዙሩ ጋር አብሮ የሚጨምር ፉጨት ምልክቱ ነው። በናፍጣው 520 ላይ ያለው ኤን47 ሰንሰለቱ በካምቢዮው በኩል ስለሆነ እሱን ለመቀየር ትልቅ መፍታት አለበት። ሰንሰለቱ የተቀየረበት ደረሰኝ የሌለው ኤን47 ለደንገጎ መንገድ አይመከርም።

ደብሊው211 የሚባለውን የመርሴዲስ ኢ ክላስ ትውልድ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ዓመቱን ይጠይቅ። እስከ 2006 እድሳት ድረስ የተሠሩት ኤስቢሲ የሚባል በኤሌክትሪክ የሚሠራ ፍሬን አላቸው። ፖምፓው ፍሬኑ ስንት ጊዜ እንደተረገጠ ይቆጥራል፤ ቁጥሩ ሲሞላ ክሩስኮቶው ላይ ቀይ ማስጠንቀቂያ ያበራል። ከ2006 እድሳት በኋላ ያለው ተራ ፍሬን ስለሆነ ለዚህ አካባቢ እሱ ይሻላል። ባለ 6 ሲሊንደሩ ኤም272 ደግሞ እስከ 2007 አካባቢ በተሠሩት ላይ የሚዛን ዘንጉ ጥርስ ይበላል፤ ለጥገናው ሞተሩ መውረድ አለበት። በኦቢዲው የካምሻፍት አቀማመጥ የብልሽት ኮድ ካነበቡ ከዚያ መኪና ይራቁ። በአየር የሚሠራ እግር ያላቸውን አንድ ሌሊት አሳድረው ጠዋት ከፍታቸውን ይለኩ፤ አንዱ ጥግ ከወረደ የአየር ከረጢቱ ያፈሳል።

አውዲ ባለ 2.0 ቲኤፍኤስአይ (የቤንዚን ተርቦ ሞተር)፣ በተለይ ከ2009 እስከ 2011 የተሠራው፣ በፒስቶን ፋሻው ምክንያት ዘይት ይበላል። የሰንሰለቱ መወጠሪያም ደካማ ነው። ሌክሰስ ጂኤስ 350 ከሁሉም ያነሰ ራስ ምታት አለው፤ የውኃ ፖምፓው ዙሪያ የደረቀ የኩላንት ምልክት መኖሩን ማየት ይበቃል። ሃይብሪዱን ጂኤስ 450ኤች ከሆነ ግን የባትሪውን የአየር ማስገቢያ ይፈልጉ፤ በድሬ አቧራ ከተደፈነ ባትሪው በሙቀት ይሞታል።

አንድ ነገር እንጨምር። የሰልባትዮው ክዳን ውስጠኛው ገጽ ላይ 95 ወይም 98 የሚል ቁጥር ይኖራል። የተርቦ ሞተሮች በጀሪካን በሚሸጥ፣ ኬሮሲን በተቀላቀለበት ቤንዚን ዳገት ላይ ያንኳኳሉ። «ድምፅ አለው፣ ግን ከነዳጁ ነው» የሚል ሻጭ እውነቱን ሊሆን ይችላል፤ ከማደያ ሞልተው ካልጠፋ ግን አይደለም።

ባጁን መግዛት

ኤም (የቢኤምደብሊው) ወይም ኤኤምጂ (የመርሴዲስ) የሚል የጉልበተኛ ሞዴል ምልክት በጥቂት ብር ይለጠፋል። ከፓራውልቱና ከቸርኬው ውጪ ያለው ተራ 520 ሊሆን ይችላል። ሻንሲ ቁጥሩን አስገብተው ከፋብሪካ ምን ሆኖ እንደወጣ ያረጋግጡ። ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ 10ኛው ፊደል የሞዴሉን ዓመት ይናገራል፦ ኤ 2010፣ ኢ 2014፣ ኤች 2017። ሊብሬው ላይ ያለው ዓመት ከዚህ ከተለየ ማብራሪያ ይጠይቁ።

«የካምቢዮው ዘይት የዕድሜ ልክ ነው» የሚለውን ማመን

መኪና አምራቾች ይህን ጽፈዋል። የቢኤምደብሊውንና የብዙ አውዲዎችን ካምቢዮ የሚሠራው ዜድኤፍ ራሱ ግን ከ80,000 እስከ 120,000 ኪሎ ሜትር ወይም በ8 ዓመት ይቀየር ይላል። በዜድኤፍ ባለ 6 እና ባለ 8 ማርሹ ላይ የዘይት ማጠራቀሚያው ፕላስቲክ ሆኖ ፊልትሮው አብሮት የተሠራ ነው፤ ፊልትሮ ብቻ መቀየር አይቻልም። የዘይቱ ልክ የሚታየውም ሞተሩ እየሠራ፣ ዘይቱ ከ30 እስከ 50 ዲግሪ ሲሆን ነው። በድሬ ቀትር ይህን መስኮት ማግኘት ስለሚያስቸግር ሥራውን ጠዋት ያሠሩት፤ አለበለዚያ ዘይቱ ጎድሎ ይወጣል፣ ከሳምንት በኋላም ካምቢዮው መንገጫገጭ ይጀምራል።

ማስጠንቀቂያ መብራት የለም ብሎ መርካት

ሻጩ የብልሽት ኮዱን ጠዋት ካጠፋው ከሰዓት ክሩስኮቶው ንጹህ ነው። ርካሿ ኦቢዲ ይህን ታሳብቃለች፦ ኮምፒውተሩ ራሱን የሚፈትሽባቸው ነጥቦች «አልተጠናቀቀም» የሚሉ ከሆነ ኮዱ የጠፋው በቅርቡ ነው። ይህች መሣሪያ ግን ሞተሩን እንጂ ካምቢዮውን፣ ኤቢኤሱንና ኤርባጉን በአግባቡ አታነብም። ለነዚያ የመኪናውን ብራንድ የሚያነብ ማሽን ያለው ኤሌትሪሺያን ይፈልጉ። ኪሎ ሜትሩም በክሩስኮቶው ብቻ አይቀመጥም፤ ቢኤምደብሊው ላይ ሌሎች ሞጁሎችም ይመዘግቡታል። ቁጥሮቹ ካልተገናኙ ተቀንሷል።

ቀለሙ አብረቀረቀ ብሎ ማለፍ

የቀለም ውፍረት መለኪያ ተውሰው በየስፖርቴሎው ይለኩ። የፋብሪካ ቀለም ከ90 እስከ 160 ማይክሮን ነው። 250 እና 300 ከሆነ ተቀብቷል፤ ከ500 በላይ ከሆነ ከሥሩ የባቲላሜራ ሥራና ስቱኮ አለ። አንድ ፓራፋንጎ መቀባቱ ወንጀል አይደለም። ጣሪያውና የመስታወት ምሰሶዎቹ ላይ ስቱኮ ካገኙ ግን ተገልብጧል።

በምሥራቅ በኩል ደግሞ ቀኝ መሪ ሆኖ ገብቶ መሪው የተዛወረ መኪና ያጋጥማል። የዝናብ መጥረጊያዎቹን ያስነሱ፤ በሹፌሩ በኩል ሰፊ ያልተጠረገ ጥግ ከተዉ ይጠርጥሩ። ከዚያ ኮፈኑን ከፍተው የሞተሩ ክፍል ግድግዳ ላይ በተሳፋሪው በኩል የተደፈነ ቀዳዳ ወይም አዲስ ብየዳ ይፈልጉ። እንዲህ ያለ መኪና ላይ ኤርባጉ መሥራቱን ማንም አያረጋግጥልዎትም። ጎርፍ የገባበትን ለማወቅ የደህንነት ቀበቶውን እስከ ጫፉ ይሳቡት፤ ደለሉ እዚያ ይደበቃል። ቢኤምደብሊው ላይ ባትሪውና ብዙ ሞጁሎች የኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ ስለሆኑ ምንጣፉን ገልጠው ወለሉን ይዳስሱ።

ጎማ

ጎኑ ላይ ያሉት አራት ቁጥሮች ሳምንቱንና ዓመቱን ይናገራሉ፤ 2319 ማለት የ2019 23ኛ ሳምንት ነው። ከ6 ዓመት ያለፈ ጎማ ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም ለዚህ ሙቀት አይሆንም። ብዙ ቢኤምደብሊው ትርፍ ጎማ የለውም፤ ተበስቶም 80 ኪሎ ሜትር ያህል የሚያስኬድ ጎማ ነው የተገጠመለት። የቀድሞው ባለቤት ተራ ጎማ ገጥሞበት ትርፍም ካልያዘ፣ ከጎሚስታ ርቀው ሲበሳብዎት መኪናውን አስጭነው ነው የሚመጡት።

ወረቀቱን ከቀብድ በኋላ ማየት

ሊብሬው፣ ዲክላራሲዮኑ እና መኪናው ላይ የተቀረጸው ሻንሲ ቁጥር ፊደል በፊደል መመሳሰል አለባቸው። የተቀረጸውን በጣትዎ ይዳብሱት፤ የተፈገፈገ ወይም ዙሪያው አዲስ የተቀባ ከሆነ ይተዉት። ከቀረጥ ነፃ የገባ መኪና ቀረጡ ሳይከፈል ስም አይዛወርም። የባንክ ወይም የፍርድ ቤት እግድ አለመኖሩን መንገድ ትራንስፖርት ቢሮ ሄደው ያጣሩ፤ ገንዘቡም ውልና ማስረጃ ፊት ይከፈል።

አዲሱን ኤሌክትሪክ በወረቀቱ ኪሎ ሜትር መመዘን

እንደ ቢዋይዲ ሃን ያሉት ለቻይና ገበያ የተሠሩ ሆነው ሲመጡ፣ የተጻፈው ርቀት በቻይና መለኪያ የተለካ ነው፤ ከአውሮፓው መለኪያ የተጋነነ ነው። በከፍተኛ ፍጥነት፣ ኤሲ ተከፍቶና ዳገት ሲወጣ ደግሞ ከዚያም ይቀንሳል። የቻርጀሩ ሶኬት የቻይና ዓይነት መሆኑንና አካባቢዎ ላይ የሚሰካበት መኖሩን ሳያረጋግጡ አይፈርሙ። ስክሪኑ ቻይንኛ ብቻ ከሆነም ዛሬውኑ እንዲቀየርልዎት ይጠይቁ፤ ከተፈረመ በኋላ የሚሰማዎት የለም።

የሙከራ ጉዞው ለእነሱም ያው ደንገጎ ነው፣ ግን በተቃራኒው። ባትሪውን ሐረር ላይ 100 በመቶ ሞልተው ከወረዱ ሞተሩ እንደ ፍሬን ይዞ ኃይል የሚመልስበት ቦታ ያጣል፤ ከሁለት ቶን በላይ የሚመዝነውን መኪና ዲስኮቹ ብቻ ይሸከሙታል። 80 በመቶ ላይ ነቅለው ይውረዱ፣ ድሬዳዋ ሲደርሱም ባትሪው ስንት መቶኛ እንደጨመረ ያንብቡ።